ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት

ሐሙስ ማታ ደወለች፣ ሴትዮዋ ከማዘጋጃ ቤት፤
ኡርማስ ከመርከቡ ገና መግባቱ ነው፣ እጁ ላይ የሞተር ቅባት።
«ልጅ አለ» አለችን፣ «ሰባት ዓመቱ ነው፣ ማደሪያ ያጣ፤
ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ይዤው ብመጣ?»
ሦስት ዓመት ፎርም ሞልተን፣ ሦስት ዓመት ጠብቀን፣
«አለ» ሲሉን ጊዜ መቀመጫ አጣን።

ክፍሉ፣ ክፍል ብሎ ለጠራው፣
መረብ ነው የሞላው፤
የድንች ሣጥን፣ ጎማው የጎደለ ብስክሌት፣
የአማቴ ኮት፣ ከቀብሯ ወዲህ ያልነካነው እስከዚያች ሌሊት።
አወጣነው ሁሉን፣ እየተጋጨን በጠባቡ ኮሪደር፤
ኮቱን ለብቻው አጥፌ ወሰድኩት፣ ምንም ሳልናገር።

አርብ ከፋርማሲው ፈቃድ ወስጄ ቀለም ልገዛ ሄድኩ።
ሻጩ፣ «ለማን ነው?» አለኝ። «ለልጄ» አልኩ።
ቃሉ ምላሴ ላይ እንደ አዲስ ጥርስ ጎረበጠኝ።
«ምን ይወዳል ታዲያ?» ብሎ ጠየቀኝ።
የማውቀው ስሙን ነው፣ ታቪ መባሉን፤
ስም ደግሞ አይናገር የሚወዱትን።
«ባሕር» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።
የመጀመሪያዬ ነበር፣ የእናትነት ውሸቴ፤
ሁለት ቆርቆሮ ሰማያዊ ተሸክሜ ገባሁ ቤቴ።

ታኅሣሥ ነው። ፀሐይ በሃፕሳሉ ችኩል እንግዳ ናት፣
ኮቷን ሳታወልቅ ተነሥታ የምትሄድ፣ ቆይ ቢሏት።
ስለዚህ በአምፖል ቀባን።
ግድግዳው ለካ ስንት ዘመን ተጠምቷል፣
አንዴ ሲቀቡት ይጠጣል፣ ደግመው ሲቀቡት ይጠጣል።
«ባይወደውስ?» አልኩ መሰላሉ ላይ ሆኜ፤
«ቢያለቅስስ? እናቴን ቢልስ? ምን እለዋለሁ እኔ?»
ኡርማስ ብሩሹን ነክሮ፣ ጠርዙን በጥንቃቄ እየሳበ፣
«ጥጉን አልፈሽዋል» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረ።

ሄልዩ ከላይኛው ፎቅ፣ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ፣
መጋረጃ ሰፋች፣ የመስኮቱን ልክ ረስታ፤
ስንዝር አጥሮ ብታየው ሳቀች እስክትታመም፤
ስፒሏን ዋጠችው ብዬ ደነገጥኩ፤ አልዋጠችም።
አልጋው ተገጣጥሞ ሁለት ብሎን ቢተርፈው፣
ኡርማስ ዙሪያውን አይቶ፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ንጋት ላይ ቀለሙ አለቀ፤ ሦስት ግድግዳና ግማሽ።
ሱቁ እስከ ሰኞ ዝግ ነው።
የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤
እኛ ለመልቀሚያስ ጊዜ ከየት ይገኛል?
አሮጌው ግድግዳ፣ መረቡ የተሰቀለበት፣
ምስማር የበሳሳው፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት፣
ከቁም ሣጥኑ ኋላ ተደበቀ እንደ ነውር፤
እጃችንን ሳንታጠብ ተንኳኳ የደጁ በር።

ኮፍያውን አላወለቀም። አንድ ፌስታል ይዟል።
በሩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ቃኘ፤
መጋረጃውን አየ፣ አልጋውን አየ፣ እኛን አየ፣
ቀስ ብሎ፣ «ያምራል» አለ፤
ብዙ ክፍል ያየ፣ በየክፍሉ ያመሰገነ
ሽማግሌ እንደሚለው፣ እንዲያ ነበር ያለ።

ሌሊት ብነሣ አልጋው ባዶ፤
ትራሱ እንዳስቀመጥኩት፣ አንሶላው እንደተወጠረ።
ልቤ ድው አለ።
መስኮቱ ዝግ ነው። የውጭው በር ዝግ ነው።
ኡርማስ ባትሪ ይዞ በባዶ እግሩ መጣ፣
ከአልጋው ሥር፣ ከበሩ ኋላ፣ አበራ አጣ፣ አበራ አጣ፤
ኋላ አንዲት ካልሲ አየን፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የወጣች፣
ተረከዟ የተቀደደ፣ እግር ያለባት፣ የሞቀች።
ብርድ ልብሱን ጎትቶ፣ ድመት በማያስገባ ክፍተት ገብቷል፣
ፊቱን ላልቀባነው ግድግዳ ሰጥቶ ተኝቷል።
ያን ሁሉ ባሕር ለእኛ ትቶልናል።

«ላንሣው?» አለኝ ኡርማስ በሹክሹክታ።
«ተወው» አልኩት።
እስኪነጋ ድረስ ወለሉ ላይ ተቀመጥን፤ አንዳንዴ
ኪሱ ውስጥ ብሎኖቹ ሲጋጩ እሰማለሁ።

እሑድ ጠዋት ልጁ ወጥ ቤት ገንፎ ሲበላ፣
ኡርማስ ቁም ሣጥኑን በትከሻው ደግፎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣
አንድ ስንዝር ከግድግዳው አራቀለት።

ሰኞ ሱቁ ተከፈተ።
አልሄድኩም።